መርዶና ዝላይ፦ ከመካነ ሰላም እስከ ኩታበር

ለዚህ ጉዞ የመረጠኝ ፊቴ ነው። የእኅቴ የበላይነሽ ሠልስት እንዳለፈ ዘመድ ተሰብስቦ «ልጇን የሺን ማን ሄዶ ያርዳት?» ሲባል፣ የንስሐ አባቷ ቄስ ዙሪያውን ቃኙና ዓይናቸውን እኔ ላይ አሳረፉ። «ደምሴ ይሂድ። የእሱ ፊት ዘወትር ለቅሶ ቤት ነው። ልጅቱ አትጠረጥርም» አሉ። በለቅሶ መሐል ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እውነት ምን ያስቃል?

«ለምን ስልክ አትደውሉም?» የሚል የከተማ ሰው አይጠፋም። ያን ሰሞን ኔትወርክ አልነበረም፤ ቢኖርም አንደውልም። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ዘመድ ከፊት ቆሞ። የተረዳ ሰው ሲነሳ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ያስፈልገዋል። ስልክ እጅ የለውም።

የሺ የምትኖረው ኩታበር ነው፤ ከደሴ ወጣ ብላ ያለች የደጋ ከተማ። ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ናት። ተጫዋች ስል ከትምህርት ቤት መልስ የምትሯሯጥ ማለቴ አይደለም፤ ደሴ ያለ ክለብ ቀጥሯት በደመወዝ የምትጫወት ናት። የክለቡን ስም አልጽፍም፤ ምን ያደርግላችኋል? አባቷ ሥራ ፍለጋ ብሎ ቆላ ወርዶ ቀርቷል። ያሳደገቻት በላይነሽ ብቻዋን ነች።

እኔ መካነ ሰላም የባህር ዛፍ አጣና እሸጣለሁ። ማንበብ የተማርኩት ጺሜ ከሸበተ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት፣ ልጆቼ ሊሆኑ በሚችሉ አስተማሪዎች ነው። አጻጻፌ ቢንሻፈፍባችሁ የራሳችሁ ጉዳይ። ኩታበርን ሄዳችሁ የማታዩ ብዙ ናችሁና ያየሁትን ልንገራችሁ።

ስነሣ ጥቁሩን ልብስ አውልቄ ቡናማ ኮቴን ለበስኩ። ጺሜንም ተላጨሁ። ወንድ ልጅ ለእኅቱ ጺም ያሳድጋል እንጂ አይላጭም፤ ምላጩ ፊቴን ሳይሆን ሌላ ቦታ የቆረጠኝ መሰለኝ። በእጄ የያዝኩት አንድ ቋጠሮ ነው። በላይነሽ ከመታመሟ በፊት ለልጇ የገብስ ቆሎ ቆልታ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ፣ ሰው እስኪገኝ መደብ ላይ አስቀምጣው ነበር። ከዚያ በሽታው መጣ፤ አላቆያትም።

ማክሰኞ

መናኸሪያ ስደርስ የሚኒባሱ ረዳት ሰይድ ቋጠሮውን ሊቀበለኝ መጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያ ደምሴ፣ አላህ ያጽናህ። ልታረዳት ነው?»

«አፍህን ዝጋ» አልኩት። «ደሴ ድረስ አንድ ሰው ቢሰማ በአንተ ነው የምይዘው።»

«አብሽር፣ እኔ መቃብር ነኝ» አለና ቋጠሮውን ጣሪያው ላይ፣ ከእህል ጆንያው ጎን አሰረው። ከሸራው ውጭ መሆኑን ሳላይ ገባሁ። አየት ባደርግ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

መኪናው ውስጥ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ስልኩን ከፍቶ የሺ ያለችበትን የልምምድ ጨዋታ ያሳያል። ሞቷን አያውቅም፤ የእናቷን ማለቴ ነው። ቪዲዮው ላይ የሺ አለች፤ አንዲት ረጅም ልጅ አለች። ሁለቱም ለአንድ ኳስ ይዘላሉ። መኪናው ሙሉ ተከራከረ።

«ረጅሟ ናት የምትበልጠው። እጇ የት እንደደረሰ አታይም?» አለ ነጋዴው።

«ረጅሟ ምን ዘለለች?» አለ ሰይድ ከበሩ ሆኖ። «ቆማ እኮ ነው የደረሰችው! የሺን እይ፣ መሬቱን ለቃዋለች። በእሷ ቁመት!»

«ኳሱን የያዘ ነው የሚቆጠር።»

«እንግዲያ መሰላል ይቅጠሩ!»

ሳቁ። እኔን ጠየቁኝ። አጎቷ ነኝና ፍረድ አሉኝ። «በሬ ስትገዛ በቀንዱ ነው ወይስ በትከሻው?» አልኩና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እናቷ አፈር ውስጥ ሆና ልጅቱ ስልክ ውስጥ ትዘላለች። ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

ከአቀስታ በፊት ዝናቡ ወረደ። ጭቃው ጎማውን ያዘና ሁላችንም ወርደን ገፋን። እኔ እግሬ ከዳኝና በፊቴ ተደፋሁ። ነጋዴው ሊያነሳኝ ሲሞክር እሱም ወደቀ፤ ቡናማ ኮቴ የመሬቱን መልክ ያዘ። እኛ ጋ ዝናብ ሲጥል ሰው ታዛ ይጠጋል፤ እዚያ መንገድ ላይ ታዛ የሚባል ነገር የለም፤ ሜዳና ንፋስ ብቻ ነው። መኪናው እስኪወጣ ቀኑ አለቀ፤ ሾፌሩም «አቀስታ እናድራለን» አለ።

አቀስታ ብርዱ ከመካነ ሰላም ይከፋል። የእኛ ብርድ ቆዳ ላይ ይቀመጣል፤ የአቀስታው ወደ ውስጥ ይገባል። አልጋ ቤቶቹ ሞልተዋል። ዓለሚቱ የምትባል ሻይ ቤት ያላት ሴት በጭቃ ተለውሼ ስታየኝ «አንተ ሰውዬ፣ ከመቃብር ነው የወጣኸው?» አለችኝ። እኔም በልቤ «ከሞላ ጎደል» አልኩ። በእህል መጋዘኗ ውስጥ ፍራሽ ዘረጋችልኝ፣ እግሬን በሙቅ ውኃ አስታጠበችኝ፣ ኮቴን ጠርጋ ከምድጃው አጠገብ ሰቀለችው።

ከዚያ ቋጠሮውን አየችው። ውኃ ያንጠባጥባል።

«ምንድን ነው?»

«ቆሎ ነው። ለእኅቴ ልጅ።»

«እንዲህ ሆኖ ካደረ ይሻግታል እኮ!» ብላ ልትፈታው ያዘች። አልፈታ አላት። በጥፍሯ ሞከረች። በሹካ ጫፍ ሞከረች። በመጨረሻ በጥርሷ ነክሳ ፈታችው። «ማን ነው እንዲህ ያሰረው? ግመል ነው እንዴ የምታስሩት!»

«እኅቴ ናት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታስር።»

«እጇ አይባረክ፣ ጥርሴን አወለቀችው» አለች እየሳቀች። እኔ እጄን ወደ እሳቱ ዘረጋሁ። ቆሎውን ብረት ምጣድ ላይ መልሳ አመሰችው፤ ጨርቁን አጥባ እሳት ዳር አደረቀችው። ጠዋት ስነቃ ቋጠሮው እንደ ሙሽራ ስጦታ ተሰናድቶ ጠበቀኝ፤ ጫፉን አንዴ ሲስቡት የሚፈታ፣ እንደ ጫማ ክር ያማረ። መረቅኳት። ከልቤ ነው የመረቅኳት፤ እኔ ደግሞ በቀላሉ የምመርቅ ሰው አይደለሁም።

ረቡዕ

ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነዳ። ከኋላዬ አንዷ ትጸልያለች፣ ከጎኔ አንዱ ዱዓ ያደርጋል፤ እኔ ቋጠሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ የምናገረውን ቃል እፈልጋለሁ። አሁንም አልተገኘም። «እናትሽ አረፈች» ማለት አጭር ነው፤ ለበላይነሽ ግን አነሰብኝ።

ደሴ ስንገባ ፊደል ከየአቅጣጫው ይጮኻል። ዕድሜውን ሙሉ አንብቦ የኖረ ሰው ይህን አያውቀውም። ዘግይቶ የተማረ ሰው ግን ያገኘውን ሁሉ ካላነበበ አያልፍም፤ ጥርስ እንነቅላለን፣ ጎማ እንነፋለን፣ ቤት ይከራያል እያልኩ አንገቴ ተጣመመ። አንዱ ጥግ ላይ የሬሳ ሣጥን መሸጫ አነበብኩና ማንበቤን አቆምኩ። እኛ ጋ ሣጥን የሚሠራው አናጺ ነው፤ ሰው ሲሞት ይጠራል እንጂ ቀድሞ ሠርቶ ሰልፍ አያስይዝም።

የኩታበሩ ሚኒባስ ከሰዓት በኋላ አደረሰኝ። የሺ የተከራየችው ወይዘሮ ከድጃ ከሚባሉ እህል ነጋዴ ግቢ፣ ከኋላ ባለች አንድ ክፍል ነው። በሩን ሳንኳኳ ራሷ ከፈተች። ከደስታ በፊት ፊቷ ላይ ሌላ ነገር አየሁ።

«አያ! ምን ሆናችሁ?»

ሳይጠራ ከአገር የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ይህን ነው። «ምን እንሆናለን? ደሴ አጣና የሚገዛ ሰው አለ ተብሎ መጣሁ።»

«ፊትህ ግን…»

«ፊቴ ደግሞ ዛሬ ምን አዲስ ሆነ?»

ሳቀችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ቄሱ ልክ ነበሩ። ልክ መሆናቸው አናደደኝ።

ቋጠሮውን ተቀበለችኝ፣ ተቀመጠች፣ ጫፉን ያዘች። አንዴ ስትስበው ተፈታ። እጇ ጨርቁ ላይ ቆመ።

«እናቴ ናት ያሰረችው?»

«እና ማን ሊያስርልሽ ኖሯል?» አልኩ። የዝናቡን፣ የአቀስታዋን ሴት፣ ሁሉንም መናገር ይቻል ነበር። ግን ከበሩ ጀምሮ ስዋሽ ነበር፤ ውሸት አንዴ አፍ ከለመደ እውነቱ ይረዝማል። ቆሎውን ሰፌድ ላይ ዘረገፈችው። እሷ አልቀመሰችም።

በዚህ መሐል አንዲት ልጅ አንገቷን ጎንበስ አድርጋ በበሩ ገባች። ቪዲዮው ላይ ያየኋት ረጅሟ ናት። ሐያት ትባላለች፤ የወይዘሮ ከድጃ ልጅ። አንድ ክለብ ይጫወታሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው በሚኒባስ ደሴ ልምምድ ይመላለሳሉ። ቆሎውን እየቆረጠመች «ጋሼ፣ ነገ ሊለኩን ነው፤ ደስ ሲል፣ በሰዓቱ ደረሱ» አለችኝ።

«ምናችሁን ነው የሚለኩት?»

«ዝላያችንን። ክለቡ ለእኛ ቦታ አንድ ሰው ብቻ ነው ኮንትራት የሚያድሰው። ወይ እኔ፣ ወይ እሷ።»

«የቀረችውስ?»

«የቀረችው ቤቷ ትገባለች።» ሐያት ቤቷ እዚሁ ግድግዳው ማዶ ነው። የየሺ ቤት መካነ ሰላም ነው፤ በሩ የተዘጋ፣ አመድ የቀዘቀዘበት ቤት። ይህን እዚያ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አለካኩን ሐያት አስረዳችኝ። መጀመሪያ ቆመሽ እጅሽን ዘርግተሽ ግድግዳ ትነኪያለሽ። ከዚያ ቆመሽበት ሳትንደረደሪ ትዘያለሽ፤ ጠመኔ የተቀባ ጣትሽ የነካበት ይታያል። በሁለቱ መሐል ያለው ነው ዝላይሽ።

«እንግዲያ ቁመት ዋጋ የለውም ማለት ነው» አልኩ።

«ለጨዋታው አለው፤ ለልኩ የለውም። ለዚህ ነው ይህች ፌንጣ የምታስፈራኝ።»

«አንቺ ደግሞ የመብራት ምሰሶ» አለች የሺ። «ምሰሶ ሲዘል ታይቶ ያውቃል?» አፏ ሳቀ። ዓይኗ ጨርቁ ላይ ነበር።

ራት ወይዘሮ ከድጃ ትልቁ ሳሎን ውስጥ አቀረቡ። ከባላቸው አባት የቀረ አሮጌ ቤት ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ የተወጠረበት። እኛ ጋ ቤት ውስጥ ቀና ካልክ ጭስ የጠጣ እንጨት ነው የምታየው፤ እዚያ ነጭ ጨርቅ ነው። ሽሮውን ሲያወጡልን «ዛሬ ረቡዕ አይደል፤ ቅቤ አላስነካሁትም፣ ድስቱም ለብቻው ነው፤ ሳትጠራጠር ብላ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ላይ እያመለከቱ «እነዚህ ሁለት ጅብራዎች ማታ ማታ ኮርኒሴን እንነካለን እያሉ ይዘላሉ። እስካሁን ሁለቱም አልደረሱበትም፤ አልሐምዱሊላህ፣ ጨርቄ ተርፏል» አሉ።

ከራት በኋላ ልጆቹ ዕቃ ሲያጥቡ ወይዘሮ ከድጃ ተከትለውኝ ግቢው በር ድረስ መጡ።

«አያ ደምሴ፣ ጉንጭህ ከግንባርህ ነጥቷል። ትናንት ወይ ከትናንት ወዲያ ነው የተላጨኸው። አጣና ለመሸጥ ጺም አይላጭም። ማን ነው?»

አንድም ሰው እንዲህ ያነብበኛል ብዬ አልጠበቅኩም። «እናቷ» አልኩ።

በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። «ኢናሊላሂ…» አሉ። «ነገ ማለዳ ልታረዳት ነበር?»

«ነበር።»

«ነገ ካረዳሃት አትዘልም። ካልዘለለች ደግሞ ቀረች። ዘለው ይግቡ። ዓርብ ማለዳ እናረዳታለን። ሰዉን እኔ እጠራለሁ፣ ለሰፈሩ ቄስም አስነግራለሁ።»

እሺ አልኩ። ፍራሼ ላይ ስጋደም ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ይህች ሴት የሐያት እናት ናት። አንዲት ቃል፣ አንዲት የተሳሳተች ዓይን፣ አንዲት «አይዞሽ» ብትወጣት የሺ ትወድቃለች፣ ልጇ ትቆማለች። የልጅቱን ዕድል ለተፎካካሪዋ እናት አሳልፌ ሰጥቼ ተኛሁ።

ሐሙስ

ሜዳው የሲሚንቶ ነው፣ ደሴ ውስጥ፣ በአንድ በኩል ከፍ ያለ ግንብ ያለው። ግንቡ ላይ ከታች እስከ ላይ ሜትር ተለጥፏል። አሰልጣኙ ወፍራም፣ ፊሽካውን ከአንገቱ የማያወልቅ ሰው ነው። ሌሎቹ ተጫዋቾች ሊያዩ ከበቡ። የመካነ ሰላም የከብት ገበያ ትዝ አለኝ፤ ልዩነቱ እዚያ በሬው ምን እየተደረገበት እንደሆነ አያውቅም።

እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ እንዲዘሉ ተባለ። ሐያት ቀደመች። ረጅም ሰው ሲዘል እንደ መሰላል ይዘረጋል ብዬ ነበር፤ አይደለም። እንደ ሰንጢ ነው የተከፈተችው። ሦስቱም ጥሩ ነበር፤ የመጨረሻው ላይ ጓደኞቿ አጨበጨቡ።

የሺ ቀረበች። ጠመኔውን ተቀባች። ዘለለች። እኔ እንኳ ምኑንም የማላውቀው አነስተኛ መሆኑን አየሁ። ሁለተኛውም እንዲሁ።

«የሺ፣ ምን ሆነሻል? ትናንት የት ነበርሽ፣ ዛሬ የት ነሽ?» አለ አሰልጣኙ።

ሜዳውን አቋርጣ ወደ እኔ መጣች። ጣቷ ነጭ፣ ፊቷ ነጭ።

«አያ፣ እናቴ ደህና ናት አይደል?»

ሰው ሁሉ ያየናል። ከአቀስታ ጀምሮ የፈለግኩት ቃል ያን ጊዜ አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። «ደህና ናት አልኩሽ እኮ። ሂጂ ዝለይ።»

ከዚያ ተመልሳ ሦስተኛውን ዘለለች። ይሄኛው ተሻለ። ግን ልዩነቱ ሲሰላ ሐያት በሁለት ጣት በለጠች።

ደስ የሚላት መስሎኝ ሐያትን ተመለከትኩ። አሰልጣኙ ላይ ትጮኻለች። «ይህ የእሷ ዝላይ አይደለም! ወላሂ አይደለም፤ በልምምድ ሁልጊዜ ትበልጠኛለች። ድገሙላት!»

«የተለካው ተለካ» አለ አሰልጣኙና ወረቀቱን አጠፈ።

ወደ ኩታበር ሦስታችንም በአንድ ሚኒባስ ተመለስን። የሺ በቀጥታ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ወይዘሮ ከድጃን እህል ሲያስለቅሙ አገኘኋቸውና አንቱታውን እዚያው ጣልኩት።

«ነግረሻታል።»

ሰፌዱን አስቀመጡ። «ምን አልክ?»

«ልጅቱ አውቃለች። ዛሬ የዘለለችው ሰው አልነበረም፣ ሬሳ ነው። እዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ የሚያውቀው አንቺ ብቻ ነሽ። ልጅሽ አሸንፋለች፤ እንኳን ደስ አለሽ።»

«ወላሂ አልተነፈስኩም» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ለሐያትም አልነገርኳት። ይህችን ልጅ ሲያማት ማን ያስታመማት መሰለህ? አንተ ነህ ከመካነ ሰላም መጥተህ?»

እኔ ስረታ ድምፄ ይጨምራል። «ማንም እናት ለልጇ ያደላል!» አልኩ።

«ነገ ማለዳ የሚመጡትን ሰዎች ዞሬ ጠርቻለሁ። በተናገርከው ከጸናህ አሁን ሄጄ እመልሳቸዋለሁ፤ አንተም ብቻህን አርዳት። ልመልሳቸው?»

የሺ ብቻዋን ስትወድቅ ታየኝ። «አትመልሺ» አልኩ።

«እንግዲያ ግባና ራትህን ብላ። በባዶ ሆድ አይጣሉም።»

በላሁ። እየመረረኝ በላሁ።

ዓርብ

ገና ጎህ ሲቀድ ሳሎኑ ሞላ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ቄስ፣ አራት ጠንካራ ሴቶች። ወይዘሮ ከድጃ ሴቶቹን በሩ ግራና ቀኝ አቆሟቸው፣ የሚሰበር ዕቃ አነሱ፣ ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ገፉ። ሐያት ገና ያን ጊዜ ሰማችና ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች።

የሺ ተጠራች። ገባች። የተቀመጠውን ሰው አየች፣ ቄሱን አየች፣ እኔን አየች። ተነሣሁ። ያሰብኩት ቃል ሁሉ ጠፋ።

«የሺ፣ እናትሽ የለችም። ቀበርናት» አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት። የተሻለ የሚያውቅ ይሂድና ይናገር።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ይህም ሴቶቹን አዘናጋቸው። ከዚያ ዘለለች።

ስትጎነበስ አላየሁም። ስትንደረደር አላየሁም። ከቆመችበት ሁለት እጇን ወደ ላይ ወርውራ ተነሣች፤ የሰማሁት ጩኸት የእሷ መስሎኝ ነበር፣ የጨርቁ ነው። አቡጀዲው በጣቷ ተተረተረና የስንት ዓመት አቧራና ጭድ በሁላችን ራስ ላይ ወረደ። ስትወርድ ሴቶቹ ያዟት። እንደገና ተነሣች፣ እንደገና ያዟት። ቄሱ አቧራውን ከዓይናቸው እየጠረጉ ይጸልያሉ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እኅቴን እያለቀስኩ ቀና ብዬ ቀዳዳውን አየሁት። ሐያትም ታየው ነበር።

ልቅሶው ጋብ ሲል የሺ ከወይዘሮ ከድጃ ጭን ላይ ራሷን ቀና አደረገች። «አውቄዋለሁ እኮ» አለች። «ረቡዕ ነው ያወቅኩት። የእናቴን ቋጠሮ በጥርሴ እንጂ በእጄ ፈትቼው አላውቅም። አንዴ ስስበው ተፈታ። እሷ ካላሰረችው እጇ የለም ማለት ነው አልኩ። ብጠይቅህ እሷ ናት አልከኝ።»

«እሷ ናት ያሰረችው» አልኩ። «በእውነት እሷ ናት። ዝናብ መታው፤ አቀስታ አንዲት ሴት ፈትታ አድርቃ እንደገና አሰረችው። በጥርሷ ነው የፈታችው፣ እጇ አይባረክ እያለች።»

«እናቴ ራሷ ቆልታ አስራው ነበር?»

«ራሷ። ሳትታመም።»

ለዚህ ደግሞ እንደ አዲስ አለቀሰች። ያን ቆሎ አልቀመሰችውም ነበር።

ወደ ወይዘሮ ከድጃ ዞርኩ። ሽማግሌዎቹ እያዩኝ ነው። «አውፍ ይበሉኝ» አልኩ። በሕይወቴ ስንት ሰው ይቅርታ እንደጠየቅኩ ብትጠይቁኝ ለማስታወስ አልቸገርም።

«አውፍ ብየሃለሁ» አሉ። «ብቻ ጺምህን አሳድግ። ተላጭተህ ስታኮርፍ ቁርጥ ያልበሰለ ድንች ነው የምትመስል።» የሺ በእንባዋ መሐል ሳቀች። የዚያን ቀን የሳቀችው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ አሰልጣኙ ከተጫዋቾቹ ጋር ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ቦታ አጥቶ ቀዳዳው ሥር ተቀመጠ። ሐያት ጥቂት ታገሰችና «አሰልጣኝ፣ ቀና በል» አለችው።

ቀና አለ። «ምን ሆኖ ነው?»

«የሺ ናት። ዛሬ ጠዋት። ቆማ፣ ሳትንደረደር።»

ሰውዬው ተነሣ። እጁን ዘረጋ፣ በእግሩ ጣት ቆመ። ከእጁ እስከ ቀዳዳው ያለውን አየር ሁላችንም አየነው። ተመልሶ ተቀመጠ። «ኮንትራቱን እስከ አርባዋ አላስፈርምም። ትመለስና እንደገና እለካታለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

ዝም ማለት ይገባኝ ነበር። አልቻልኩም። «እንደዚያ እንድትዘል ሌላ እናት ከየት ታመጣላታለህ?»

አንገቱን ደፋ። የመለሰችው የሺ ናት፤ ድምፅዋ ተዘግቷል። «ያን ያህል አልዘልም አያ። ያን ያህል መዝለል አልፈልግም። ሐያትን ግን እበልጣታለሁ።»

«እናያለን፣ ፌንጣ» አለች ሐያት፤ እጇን ይዛት ነበር።

አንድ ጎረቤት ኮርኒሱን ነገ መጥቼ እሰፋዋለሁ ሲል ወይዘሮ ከድጃ «ተወው፤ አልጠየቅኩህም» አሉት።

ቅዳሜ

የሺን ይዤ ተመለስኩ። ጉጉፍቱ ዛሬ ጠራ፤ ረቡዕ ያላየሁት ገደል ሁሉ ታየ፣ ባላየው ይሻል ነበር። መኪናው አቀስታ ለምሳ ቆመ። ዓለሚቱ ከሻይ ቤቷ ሆና ገና ስታየኝ ጮኸች፦ «ሰውዬው! ቆሎው ደረሰ? ልጅቱ ወደደችው?»

የሺ ጥቁር ነጠላዋን ወደ ኋላ አድርጋ ከፊቴ ቆመች። ልናገር አፌን ስከፍት እግሬን ረገጠችኝ፤ የስፖርተኛ እግር ነው፣ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ።

«ወድጄዋለሁ እማማ» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ። እንዴት አድርገው እንዳደረቁት!»

ሴትየዋ ደስ ብሏት በዳቦ ላይ ዳቦ ጨመረችልን። ጥቁሩን ልብስ ዘግይታ አየችና «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» አለች። የሺ «ሰው ሞቶብን ነው» ብቻ አለቻት። መኪናው ውስጥ ስንገባ «የቋጠሮውን ነገር ምን ባጠፋች እነግራታለሁ?» አለችኝ። ይህን ከእኔ አልወረሰችውም።

መካነ ሰላም የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሴቶቹ መናኸሪያው ድረስ ወጥተው ተቀበሏት፤ እያለቀሱ ይዘዋት ወደ ቤቷ ሄዱ። እኔ ጓዟን ላወርድ ወደ ኋላ ቀረሁ። ሰይድ ከጣሪያው ላይ ሻንጣዋን እያቀበለኝ ግራ ቀኝ አየ። በዚያ ሰዓት መጠየቅ ነውር መሆኑን ያውቃል፤ ግን አላስቻለውም።

«አያ ደምሴ፣ ይቅርታ አድርግልኝና… ተለኩ አሉ። ማን በለጠች?»

«ወረቀቱ ላይ ሐያት» አልኩት፣ ሻንጣውን ትከሻዬ ላይ እያደረግኩ። «ኮርኒሱ ላይ የሺ።»